ክፍሏ ሰው አለባት

ሲስተር ቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት ሕመምተኞቹ ናቸው። እውነተኛ ስሟ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚያነበው ግን የለም። ሰው ሲጮህ "ቀስ"፣ ሰው ሲሮጥ "ቀስ"፣ የመድኃኒቱ ጋሪ ደፉ ላይ ሲንገጫገጭ ለጋሪውም "ቀስ" ትላለች። ራሷ ግን ቀስ ብላ አታውቅም። ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች፤ ስልክ ስታናግር በሌላው እጇ አንሶላ ታጥፋለች፤ አውቶቡሱ ፌርማታ ሳይደርስ ተነስታ በሩ ላይ ትቆማለች።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሱም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል፣ ቤት ሲገናኙ ሶፋው ላይ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ ይነታረካሉ።

"አንቺ እኮ ደሞዝ የሚከፈልሽ ለመቀመጥ ነው" ይላታል።

እንደ ቀልድ ነው የሚለው፤ ሥራዋ ግን በእርግጥም ይኸው ነው። የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ውስጥ መርፌ መውጋት ማንም የሚማረው ነገር ነው። ከባዱ ሙያ፣ ሰው ሲረበሽ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ሲስተር ቀስ ስትቀመጥ ከሰውዬው ዝቅ ብላ ነው፤ ዱካ ካለ ዱካ ላይ፣ ከሌለ መሬት ላይ። ፊት ለፊት አይደለም፣ ወደ ጎን ነው። በእሱና በበሩ መካከል በፍጹም አትገባም። "ምን ሆንክ?" ብላ አትጠይቅም። ቀድማ ከተናገረች የምትለው አንድ ነገር ነው፦ "ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት።" ይሄ ደግሞ ውሸት ስለሌለበት ማንም አይቆጣበትም። ትንፋሹ እስኪወርድ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀርብ ያህል ነው፣ አንዳንዴ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይበላል።

ታዲያ አንዱ እንዲህ ሲቀመጥ ዋርዱን ሌላ ሰው መያዝ አለበት። አንድ ሰው መድኃኒት ያድላል፣ አንድ ሰው መመገቢያው ውስጥ ይቆማል፣ አንድ ሰው የውጪውን በር ያያል። የተቀመጠው ሰው በግድ መነሳት ካለበት፣ የሚቀረው ቁልፉ ነው። ቁልፉ ደግሞ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ክፍል ቁልፍ ነው። በወረቀት "ለብቻ ማቆያ" ትባላለች፤ ዋርዱ "ክፍሏ" ይላታል። ወለሏ ላይ ፍራሽ፣ ጣሪያዋ ላይ በሽቦ የተሸፈነ አምፖል፣ በሯ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል መስታወት አለች። ሌላ ምንም የለም።

የሆስፒታሉ አስተዳደር ነርስ የሚመድበው ይህችን ክፍል እያየ ነበር። ክፍሏ ቶሎ ቶሎ የምትቆለፍበት ዋርድ አስቸጋሪ ነው፤ አስቸጋሪ ዋርድ ደግሞ ብዙ እጅ ይፈልጋል። መመሪያው ሲነበብ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ያስቸገረው ሲስተር ቀስ ያለችበት ዋርድ ላይ ነው። እሷ ስለምትቀመጥ ክፍሏ ባዶ ሆና ከረመች፤ ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያና ባልዲ ታስቀምጥባት ጀመር። አስተዳደሩ ሲስተር ቀስን ስብሰባ ላይ አስነስቶ አጨበጨበላት፤ ዋርዱ ሰላማዊ ነው ብሎም አንድ ነርስ ወሰደባት። በሚቀጥለው ግምገማ ክፍሏ አሁንም ባዶ ነበረች። እንደገና አጨበጨቡ፤ ሌላ ነርስ ወሰዱ። ሦስተኛ ጊዜ እንዳያጨበጭቡላት ፈርታ ከስብሰባው ቀረች። በግቢው ማዶ ያለው ዋርድ ክፍሉን በላይ በላዩ ስለሚቆልፍ ነርሶቹ የሚቀመጡበት ወንበር እስኪያጡ በዝተዋል። እነሱም የተቆለፈውን ሰው ስለሚጠብቁ፣ ያልተቆለፈው አጠገብ የሚቀመጥ አልነበረም።

ሲስተር ቀስ ከአንዲት ነርስ ጋር ብቻዋን ስትቀር ወደ ሜትሮኗ ቢሮ ሄደች። ሜትሮኗ የነርሶች ሁሉ አለቃ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ከየዋርዱ "ሰው አጠረን" የሚል ስልክ ስታነሳ ስለምትውል ጆሮዋ አካባቢ ቀይ ምልክት አውጥታለች።

"ሜትሮን፣ ሰው ይጨመርልኝ።"

"ለምን? ያንቺ ዋርድ እኮ ሰላም ነው።"

"ሰላም የሆነው ሰው ስለነበረኝ ነው።"

"አሁን የለሽም። ሰላም አይደለም?"

"እስካሁን ነው።"

"እንግዲህ ሰላም ካልሆነ ደውዪልኝ፣ እልክልሻለሁ።"

"ሰላም ካልሆነ በኋላ?"

"ከዚያ በፊትማ ምን ብዬ ልላክ?"

ሲስተር ቀስን ያስጨነቃት ድካሙ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ይህች ወጣት ሴት ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ታክማ ነበር፤ እዚያ ቆልፈው ረስተዋት፣ በሩን ስትቧጥጥ ጥፍሮቿ ተነቅለዋል። ከዚያ ወዲህ የተዘጋ በር ያለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አትችልም። ምግቧን ደፍ ላይ ሆና ትበላለች፤ ስትተኛ በሩ እንዳይገጥም ጫማዋን ትወትፍበታለች። እዚህ በገባችበት ቀን ሲስተር ቀስን የጠየቀቻት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"እዚህም ትቆልፉብኛላችሁ?"

"እኔ እያለሁ አይቆለፍብሽም" አለቻት ሲስተር ቀስ።

ነርስ እንዲህ ዓይነት ቃል እንዳይገባ በትምህርት ቤት ይነገራል። ሲስተር ቀስም ታውቃለች። ግን ወጣ፤ የወጣውን ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ይዛዋለች። ልብስ ሰፊዋ የምትረበሸው አልፎ አልፎ ነው፤ ስትረበሽ ግን ከአጠገቧ የማይነሳ ሰው ያስፈልጋታል። በሁለት ነርስ ያ ቀን ከመጣ፣ ሲስተር ቀስ ወይ ዋርዱን ያለ ሰው ትተዋለች ወይ ቃሏን ትበላለች።

በዚህ ዋርድ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ ሕመምተኞችና ነርሶች ወንበር በክብ ደርድረው መወያየት ልማድ ነው። የወንዶቹና የሴቶቹ መኝታ በየፊናው ነው፤ ውይይቱ ግን የጋራ ነው፤ የሚነሳውም ማን እንደሚያንኮራፋ፣ መስኮቱ ለምን እንደማይዘጋ፣ ቴሌቪዥኑን ማን እንደሚቀይር ነው። አንድ ጠዋት ሲስተር ቀስ ነገሩን ሳትሸፍን ነገረቻቸው።

"ሁለት ነን። መድኃኒት ከዘገየባችሁ አትቆጡኝ። ሰው የሚጨመርልን ክፍሏ ሰው ሲኖርባት ብቻ ነው ብለውኛል።"

ከተቀመጡት አንዱ የረጅም ርቀት አውቶቡስ ሹፌር የነበረ ግዙፍ ሰው ነው። ወደ ሆስፒታል የመጣው አንድ ቀን አውቶቡሱን በየትኛውም ፌርማታ ሳያቆም፣ ተሳፋሪ እየጮኸ፣ ነዳጁ እስኪያልቅ ነድቶ ነው። አሁን ድኗል። ልጆቹ መጥተው እስኪወስዱት ጋዜጣ እያነበበ ይጠብቃል።

"ክፍሏ ውስጥ የሚገባው ማን መሆን አለበት ይላል መመሪያው?" ብሎ ጠየቀ።

"ሰው ነው የሚለው።"

"እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?"

ሳቁ። ሲስተር ቀስ ግን አልሳቀችም። "በሰላም የተቀመጠ ሰው አልቆልፍም" አለች።

"ማን ቆልፊ አለሽ ልጄ? ጋዜጣዬን ይዤ እገባለሁ፤ በሩን ዘጋ አድርገሽ ቁልፉን ትተይዋለሽ። እዚህ ዋርድ ውስጥ የሚያንኮራፋ የሌለበት ቦታ እሷ ብቻ ናት። የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ነው እንጂ እኔማ ድሮም ዓይኔን ጥዬባታለሁ።"

"እኔ አልፈቀድኩም።"

"አንቺ አትፍቀጂ። ገብቼ ታገኚኛለሽ።"

እውነትም ገብቶ አገኘችው። ባልዲውን አውጥቶ፣ ጫማውን በር ላይ አስቀምጦ፣ ፍራሹ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሲስተር ቀስ ትንሽ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ሄዳ ለሜትሮኗ ደወለች።

"ክፍሏ ሰው አለባት" አለች። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ወዲያው ከተጠባባቂዎች አንድ ነርስ ተላከ። ጡረታው የቀረበ፣ የራሱን ትራስ በብብቱ ይዞ የሚዞር ሰው ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ጋሽ ወንበር ይባላል። በየዋርዱ የተቆለፈ በር ፊት እየተቀመጠ ነው የሸበተው። መመሪያው ክፍሏ ውስጥ ሰው ካለ አንድ ነርስ ሳይነሳ እንዲያየው ያዛል፤ ጋሽ ወንበር ደግሞ መመሪያውን እንደ ስሙ ያውቀዋል። በመስታወቷ አጮለቀ። ሹፌሩ የስፖርት ገጹን ያነባል።

"የተረበሸው ይሄ ነው?"

"እሱ ነው ጋሼ።"

"መርፌ ተወጋ?"

"ሻይ ጠጣ።"

"ሻይም ያረጋጋል" ብሎ ትራሱን ወንበር ላይ አደላድሎ ተቀመጠ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን አዲስ ችግር ታየ።

"ጋሼ፣ ሳህኖቹን አንዴ ብታቀብለኝ?"

"ልጄ፣ ዓይኔ እዚህ ተመድቧል። እጄ ብቻውን የትም አይሄድም።"

የፈለገችው ነርስ መጣ፤ መጥቶ ከወንበር ጋር ተሰፋ። ዋርዱን እንደ በፊቱ የያዙት ሁለቱ ናቸው። ሲስተር ቀስ ራሷን ይዛ ስትቆም፣ መፍትሔውን ያመጡት ሕመምተኞቹ ናቸው፦ ነርሱ ወደ እነሱ ካልመጣ እነሱ ወደ ነርሱ ሄዱ። መጀመሪያ አንዱ ወንበሩን ጎትቶ ጋሽ ወንበር አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ሌላው። በሳምንቱ ጠረጴዛዎቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የጠዋቱ ውይይት፣ ሁሉም ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ጋሽ ወንበር ዓይኑን ከመስታወቷ ሳያነሳ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ የደም ግፊት ይለካል፤ ሌሎቹ የሚያስጨንቃቸውን ነገር በጉንጩ በኩል ይነግሩታል። ፊቱን የማያዞር ሰው ደግሞ ለካ ብዙ ይነገረዋል። ዓመት ሙሉ አፉን ያልከፈተ ሽማግሌ እንኳ ስለ ጉልበቱ አማከረው።

ክፍሏም ተወዳጅ ሆነች። ሹፌሩ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሌላው ሲዘገይ ይንኳኳበታል። "የእኔ ተራ ነው" "አንቺ ትናንትም ገብተሻል" መባባል መጣ። አንድ ሰው ወረፋዬን ተቀማሁ ብሎ በጣም ስለተናደደ ሲስተር ቀስ አጠገቡ ተቀምጣ ማረጋጋት ነበረባት። አስተዳደሩ ደስ አለው፤ ያ ዋርድ በመጨረሻ እንደ ሌሎቹ ሆነ። ክፍሏ በዚያ ሁሉ ውስጥ አንድም ቀን ቁልፍ አልዞረባትም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ወደዚያ ኮሪደር ዝር አትልም፤ ከመመገቢያው ደፍ ላይ ሆና ታያቸዋለች።

የተፈራው ቀን የመጣው በጠያቂ ቀን ነው። የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት መጥታ ቅዳሜና እሁድን ቤቷ ልትወስዳት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከማለዳ ጀምሮ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ረፋዱ ላይ እህቲቱ ደወለች፦ የባሏ ዘመዶች ሳይታሰብ መጥተውባታል፤ ለሌላ ጊዜ ይሁን። ልብስ ሰፊዋ "እሺ" አለች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ሳህኑ መደርደሪያ ሄዳ ሳህኖቹን አንድ ባንድ፣ በየተራቸው፣ ወለሉ ላይ ትሰብር ጀመር። ሳህን ሲያልቅባት መጋረጃውን ያዘች፤ ሙያተኛ ናትና የቀደደችው በስፌቱ በኩል ነው።

ሁለተኛዋ ነርስ አንድ ሕመምተኛ ይዛ ወደ ራጅ ሄዳለች። ተረኛው ሐኪም በስልክ "ለብቻዋ ትቆይ" አለ። ሜትሮኗ እየሮጠች መጣች፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን አየች። ከዚያ ሜትሮኗን ሳይሆን ሲስተር ቀስን አየች። "አይቆለፍብሽም ብለሽኝ ነበር" አለች፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ሜትሮኗ ግን ኮሪደሩ ውስጥ ደርሳ፣ በወንበርና በጠረጴዛ መሀል እየተሹለከለከች ነበር።

"ክፈቱ።"

ጋሽ ወንበር አልዞረም። "ሰው አለባት።"

"ማነው?"

"ሹፌሩ።"

"ይውጣ።"

"ራሱ ልውጣ ካላለ ሐኪም ሳያየው አይወጣም፤ መመሪያ ነው።"

"ሐኪሙ ስልክ ላይ ነው።"

"በስልክ አይታይም።"

ሜትሮኗ በሩን ደበደበች። ከውስጥ የሹፌሩ ድምፅ መጣ። "ሞልቷል። የሚቀጥለውን ጠብቁ።"

ገፋችው። ያ በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ የገጠመው ሰው ስለ በር እንጂ ስለሚገባበት ሰው አላሰበም። ሹፌሩ የሳህኑን ድምፅ ሲሰማ ነገሩ ገብቶት ፍራሹን ከበሩ ጋር አጋጥሞ፣ በዚያ ግዙፍ አካሉ ተጋድሞበታል። ሜትሮኗ በትከሻዋ ስትገፋ በሩ ጣት የምታህል ክፍተት ሰጣት። በክፍተቷ አንድ ካልሲ አየች።

ይሄ ሲሆን ሲስተር ቀስ ቁጭ ብላለች። ከተሰባበረው ሳህን መሀል ጥቂት ጠራርጋ፣ ወለሉ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ ክፍት ትታ።

"ሜትሮን" ብላ ተጣራች፤ "እኔ ተቀምጫለሁ።"

ይህ በነርሶች ዘንድ ዋርዱን አንተ ያዝ ማለት ነው። ሜትሮኗም ስንት ዘመን ነርስ ሆና ሠርታለችና ገባት።

"ምሳው እየመጣ ነው። የመድኃኒቱ ቁልፍ የግራ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ይውሰዱት።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሜትሮኗ እስከ ዛሬ በደንብ አታወራውም። ምሳ ስታድል አንዱ ሾርባ ኪሱ ውስጥ ሲጨምር አየች፤ ልትደርስበት ስትል ሌላው እጇን ይዞ ስለ መስኮቱ ጠየቃት። ኪኒን የሰጠችው ሰው ምላሱን እያወጣ አሳያት፤ ኪኒኑን በኋላ ጫማዋ ላይ አገኘችው። ስልኳ በየመሀሉ ይጮሃል፤ ሌሎቹ ዋርዶች ሰው አጥሯቸዋል። "እባክህ ጋሼ፣ ይሄን ትሪ እንኳ ያዝልኝ" አለች። "ዓይኔ ተመድቧል" አላት። የመደበችው ራሷ ስለሆነች ትሪውን ይዛ ሄደች።

መመገቢያው ውስጥ ሳህን መሰበሩ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ፣ የተቀደደውን መጋረጃ ጨብጣ ትተነፍሳለች።

"የማትመጣ ከሆነ ለምን እመጣለሁ አለች?" አለች በመጨረሻ።

"አላውቅም።"

"አንቺ ለምን አትነሺም?"

"ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት። ደግሞ ወለሉ በጣም ይቀዘቅዛል።"

"እና ተነሺ።"

"አንቺ ስትቀመጪ እነሳለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ የጨበጠችውን መጋረጃ ለቀቀችው። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። የተሰበረውን ሳህን መልቀም ስትጀምር ሲስተር ቀስ "እሱን ተይው፣ እጅሽን ይቆርጥሻል" አለቻት። ተወችው። የመጋረጃውን ጠርዝ አንስታ አየችው።

"ክሩ ድሮም ደካማ ነበር" አለች።

ሲስተር ቀስም አልተነሳችም። ሁለቱም እንደተቀመጡ ሁለተኛዋ ነርስ ከራጅ ተመለሰች።

በማግስቱ አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጥቶ የአንሶላ ማስቀመጫውን ይለካ ጀመር። አስተዳደሩ የትናንቱን ሰምቶ መክሯል፦ ዋርዱ በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ አንዷ ክፍል አልበቃችውም፤ ሁለተኛ ትሠራለት። ሲስተር ቀስ ነርስ ጠይቃ ክፍል ተሰጣት። ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ስትረበሽ "ሰው አለባት" የማይባልባት አንዲት ባዶ ክፍል ትጠብቃታለች ማለት ነው። ሲስተር ቀስ በቀጥታ ወደ ሜትሮኗ ቢሮ ሄደች።

"ሹፌሩ አልተረበሸም" አለች ሳትቀመጥ። "ማንም አልተረበሸም። የገቡት ሁሉ በገዛ ፈቃዳቸው ነው የገቡት። ሰው እንዲላክልኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛዋ ክፍል አታስፈልግም።"

ሜትሮኗ ግንባሯን በእጇ ደገፈች። "ይሄን ለአስተዳደሩ ብናገር፣ ጋሽ ወንበርን እዚያ ያስቀመጠው ማነው ይሉኛል።"

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔ መሆኔንማ አውቃለሁ።"

"እሱን ከወሰዱብኝ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ እቆልፍባታለሁ። ትናንት አይተዋል፤ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ መነሳቴ ነበር።"

ሜትሮኗ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ሾርባ ኪሱ ውስጥ የሚጨምረው ሰውዬ ትናንት ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ ነው።"

"በሁለት ሰው?"

"በሁለት ሰው።"

ጋሽ ወንበርን ሊያማክሩት አስጠሩት፤ ዓይኑ ተመድቧልና አልመጣም። ሁለቱ ሄደው ግራና ቀኙ ቆሙ። እሱ በመስታወቷ እያየ መለሰላቸው።

"መመሪያው ውስጥ ያለውን ሰው እይ ነው የሚለው። በመስታወት እይ አይልም። እኔ እዚህ የተቸነከርኩት ይሄ በር ስለከለለኝ ነው። በሩ ባይኖር ከመመገቢያው ሆኜ አየዋለሁ። እያየሁ ሳህን እሰበስባለሁ፣ እያየሁ መድኃኒት አድላለሁ። ይህችም ትቀመጣለች።"

"በር አንሱ የማለት ሥልጣን የለኝም" አለች ሜትሮኗ።

"ማስጠገንስ?"

በሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ማስጠገን እችላለሁ።"

አናጺው የዕቃ ሳጥኑን ይዞ መጣ፤ የሹፌሩን ካልሲ እየተሻገረ ማጠፊያዎቹን መረመረ።

"ደህና ነው እኮ። ምኑ ነው የተበላሸው?"

ሜትሮኗ ወደ ሲስተር ቀስ ዞረች።

"ይቆለፋል" አለች ሲስተር ቀስ።

አናጺው ቁልፉን ወሰደ። አንዴ አዞረው፣ መለሰው፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማው። "እውነትም" አለ። "ይሄ ጊዜ ይፈልጋል።" ብሎኖቹን ፈታ፤ በሩን በጀርባው አዝሎ ወደ መጋዘን ወሰደው። የሁለተኛዋ ክፍል ሥራም ቆመ፤ የመጀመሪያዋ በር ሳይጠገን ለሁለተኛዋ በር ማዘዝ አይቻልም ተባለ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄደች። መቃኑን በእጇ ዳሰሰችው፤ ማጠፊያዎቹ የነበሩበትን ቀዳዳ ጣቷን አስገብታ አየች። ገባች። ወጣች። እንደገና ገባች። ሹፌሩን "ጠጋ በሉልኝ" አለችውና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መጋረጃውን ዘረጋችው። ሲስተር ቀስ መርፌና ክር ሰጥታት አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ወንበር ከመመገቢያው ሆኖ፣ ሳህን እያደረቀ፣ መርፌዋን ያያል።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። "በሩ መቼ ነው የሚመለሰው?"

"እንጃ" አለች ሲስተር ቀስ። "ጥገና ክፍልም ሰው አጥሯቸዋል።"